ሥር ሲርበው ምን ያደርጋል? ስለ ተክል ሆርሞንና ስለ ደከመ አፈር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ አፈር ለምነት ባወራሁ ቁጥር ጥያቄው ዞሮ ዞሮ ሥር ላይ ያርፋል። ገበሬ ዘመድ ያላቸው ይጠይቃሉ። በረንዳቸው ላይ ጎመን የሚያበቅሉ ይጠይቃሉ። ባዮሎጂ የሚማሩ ልጆችማ አይቆጠሩም። ብዙ ጊዜ የሚመጡትን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ተክል ደግሞ ሆርሞን አለው እንዴ?

አለው። እንደ ሰው እጢ የለውም እንጂ ሆርሞንስ አለው። ቅጠሉም፣ ቡቃያውም፣ የሥሩ ጫፍም ይሠሩታል። የሚሠሩት በጣም ጥቂት ነው። ያቺ ጥቂት ነገር ግን ከተክሉ አንድ ጥግ ተነስታ ሌላው ጥግ ድረስ ወሬ ታደርሳለች።

ቻርልስ ዳርዊን ከልጁ ከፍራንሲስ ጋር ሆኖ የሣር ቡቃያ ወደ ብርሃን ሲጎነበስ ያጠና ነበር። የቡቃያውን ጫፍ ሲሸፍኑት መጎንበሱን ተወ። የሚታጠፈው ግን ጫፉ አይደለም፤ ዝቅ ብሎ ያለው ክፍል ነው። ስለዚህ ከጫፉ ወደ ታች የሚወርድ አንድ ነገር መኖር አለበት ብለው በ1880 ጻፉ። ከ50 ዓመት ግድም በኋላ ሆላንዳዊው ፍሪትስ ቬንት ያንን ነገር ከአጃ ቡቃያ ጫፍ ላይ አንስቶ ጄሊ በመሰለ ነገር ውስጥ ማጠራቀም ቻለ። ስሙ ኦክሲን ተባለ። "ማደግ" ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው።

ዛሬ ብዙ ሌሎች ይታወቃሉ። ሳይቶካይኒን፣ ጂብሬሊን፣ አብሲሲክ አሲድ፣ ኤትሊን፣ ብራሲኖስቴሮይድ፣ ስትሪጎላክቶን አሉ። ስማቸውን መሸምደድ አያስፈልግም። ለዛሬው ጨዋታችን ኦክሲን፣ ሳይቶካይኒን፣ ኤትሊንና ስትሪጎላክቶን ይበቁናል።

ታዲያ ሆርሞን ለተክሉ ምግብ ነው?

አይደለም። ምግቡ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና የመሳሰሉት ናቸው። ሆርሞን ወሬ አድራሽ ነው። ወሬ ደግሞ እንደ ሰሚው ነው። ያው ኦክሲን ግንድ ላይ ሲበዛ ያስረዝማል፤ ዋናው ሥር ላይ ሲበዛ እድገቱን ይገታል። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ ስለ ሱቅ ዕቃ ስናወራ እንመለስባታለን።

አፈሩ መድከሙን ሥሩ በምን ያውቃል?

በሁለት መንገድ። አንደኛው በቦታው ነው። የሥሩ ጫፍ ራሱ የደረሰበትን አፈር ይቀምሳል። አረቢዶፕሲስ በምትባል የጎመን ዘመድ በሆነች ትንሽ ተክል ላይ በ2007 የታየው ነገር ይገርማል። የሥሩ ጫፍ ብቻ ፎስፈረስ የሌለበት ቦታ ሲነካ ዋናው ሥር ማደጉን ያቆማል። የቀረው ሥር ጠግቦም ቢሆን ግድ የለውም።

ሁለተኛው የመላው ተክል ምክክር ነው። አንድ ተክል ሥሩ ለሁለት ተከፈለ እንበል። ግማሹ ናይትሬት ያለበት አፈር ላይ፣ ግማሹ ባዶ አፈር ላይ። የተራበው ወገን ትንሽ የፕሮቲን ቁራጭ ሠርቶ በውሃ መውጫው ቧንቧ ወደ ላይ ይልካል። ቅጠሉ መልእክቱን ተቀብሎ ሌላ መልእክት ወደ ታች ያወርዳል። የሚታዘዘው ግን የተራበው አይደለም፤ ምግብ ያለበት ወገን ነው። "ወንድምህ ጦሙን ስላደረ አንተ ጠንክረህ ሳብ" እንደ ማለት ነው። ይህንን የጃፓን ተመራማሪዎች በ2014 አሳይተዋል። አንጎል የሌለው ነገር እንዲህ ሲመካከር ሳነብ እስካሁን ፈገግ እላለሁ።

ፎስፈረስ ሲጠፋ ሥሩ ምን ይሆናል?

እዚህ ትንሽ ቆየት እንበል፤ የኛም አገር ችግር ይኸው ነውና።

ፎስፈረስ አፈር ውስጥ አይንቀሳቀስም። ናይትሬት ከውሃ ጋር ወደ ሥሩ ይመጣል። ፎስፈረስ ግን ከብረት፣ ከአሉሚኒየምና ከካልሲየም ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል። ሥሩ ዙሪያውን ያለችውን ጥቂት ፎስፈረስ በቶሎ ይጨርስና ሁለት ሚሊሜትር እንኳ የማይሞላ ባዶ ቀለበት ውስጥ ይቀራል። ከቀለበቱ ወዲያ ምግብ አለ፤ ግን አይመጣም። የኢትዮጵያ ደጋ ቀይ አፈር ደግሞ ብዙ ቦታ አሲዳማ ነው፤ ከሚታረሰው መሬት 40 በመቶ ያህሉ በአሲድ የተጠቃ እንደሆነ ይገመታል። እንዲህ ባለ አፈር ላይ የተጨመረው ዳፕ ወይም ኤንፒኤስ ማዳበሪያ እንኳ ብዙው ታስሮ ይቀራል።

ስለዚህ ሥሩ መሄድ አለበት። ወዴት? ፎስፈረስ በብዛት የሚገኘው ላይኛው አፈር ላይ ነው፤ ቅጠሉም ፍጉም የሚወድቀው እዚያ ነዋ። በጥልቀት መቆፈር አያዋጣም። አረቢዶፕሲስ ላይ የታየው ይህ ነው፦ ዋናው ሥር ይቆማል፣ የጎን ሥሮች ይበዛሉ፣ የሥር ፀጉሮች (ከሥሩ ቆዳ የሚወጡ ቀጫጭን ክሮች) ይረዝማሉ። ሁሉም ሰብል እንዲህ ያደርጋል ማለት ግን አይደለም። የሩዝ ዋና ሥር ለምሳሌ ፎስፈረስ ሲያጥረው ይረዝማል።

ከጀርባ ያለው ኦክሲን ነው። አንድ የሜክሲኮ ቡድን በ2008 ያገኘው ነገር በጣም ደስ ይለኛል። ፎስፈረስ ሲያጥር የኦክሲን መጠን የግድ መጨመር የለበትም። ኦክሲንን የሚሰማው ተቀባይ ይበዛል። ድምፁ ያው ነው፤ ጆሮው ነው የሰላው። በዚህ ምክንያት የጎን ሥር ለመውጣት የተዘጋጁ ሴሎች በትንሽ ኦክሲን ይነሳሉ።

የሥር ፀጉሩ ታሪክ ደግሞ የጭነት ታሪክ ነው። ኦክሲኑ ሥሩ ጫፍ ላይ አለ። ፀጉሩ የሚበቅለው ከጫፉ ወደ ኋላ ባለው ክፍል ነው። በመካከል አጓጓዥ ያስፈልጋል። በ2018 በሩዝም በአረቢዶፕሲስም ላይ ተሞክሮ፣ ያንን አጓጓዥ ፕሮቲን ያጣ ተክል ፎስፈረስ ሲያጥረው ፀጉሩን እንደሚገባው ማስረዘም እንዳልቻለ ታየ። ኤትሊንም እዚሁ ሥራ ላይ ያግዛል። ኤትሊን ሙዝ የሚያበስለው ጋዝ ነው። ያው ጋዝ ሥር ላይ ሲደርስ ፀጉር ያስበቅላል።

ፀጉር ስል ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ሃዋርድ ዲትመር የሚባል አሜሪካዊ በ1937 በአንድ ሣጥን ውስጥ ለአራት ወር ያደገ አንድ የራይ (የስንዴ ዘመድ) ተክል ሥር ለካ። የሥሮቹ ርዝመት ተደምሮ ከ600 ኪሎሜትር በላይ ሆነ። የሥር ፀጉሮቹ ቁጥር ደግሞ ወደ 14 ቢሊዮን ነበር። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ባሕር ዳርን አልፎ የሚሄድ ሥር፣ ከአንዲት ተክል!

ናይትሮጅን ሲጎድልስ?

እዚህ ሥሩ ሌላ ሰው ነው። ጉድለቱ ቀላል ከሆነ ዋናውም የጎኑም ሥር ይረዝማል። ናይትሬት ከውሃ ጋር ወደ ታች ስለሚሰርግ ተከትሎ መውረድ ያዋጣል። በዚህ ማርዘም ውስጥ ብራሲኖስቴሮይድና ኦክሲን እጃቸው አለበት። ረሃቡ ሲጠና ግን ተክሉ የጎን ሥር ማውጣቱንም ይቀንሳል፤ የሚገነባበት ቁሳቁስ የለዋ።

ሌላም አለ። ማልኮም ድሩ የሚባል እንግሊዛዊ በ1975 የገብስ ሥርን በክፍል በክፍል ለይቶ አንዱን ክፍል ብቻ መገበ። ናይትሬት ያገኘው ክፍል ላይ የጎን ሥር ተንጨባረረ፤ ሌላው ላይ ጭር አለ። በፎስፈረስም እንዲሁ ሆነ። በፖታሲየም ሲሞክረው ግን ሥሩ ግድም አልሰጠው።

ለምንድን ነው የተራበ ተክል ላዩ የሚቀጭጨው፣ ሥሩ ግን የሚበዛው?

ሳይቶካይኒንን ጠይቁ። ሥሩ ናይትሬት ሲያገኝ ሳይቶካይኒን ሠርቶ ወደ ላይ ይልካል። ትርጉሙ "ምግብ አለ፣ እደጉ" ነው። ይኸው ሆርሞን ሥር ላይ ሲቆይ ደግሞ አዲስ የጎን ሥር እንዳይወጣ ይከለክላል። ረሃብ ሲመጣ መጠኑ ይወርዳል። ያኔ ላይኛው ክፍል ቀዝቀዝ ይላል፣ የጎን ሥር ደግሞ ከልካይ ያጣል። ቅጠሉ የሠራው ስኳር ወደ ታች ይወርዳል። ቤት ውስጥ ገንዘብ ሲያጥር ልብስ መግዛት ትቶ ለአስቤዛ እንደ ማዋል ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሥሩ በዛ ሲባል ከላዩ ጋር ሲነጻጸር ነው። ክፉኛ የተራበ ተክል በጠቅላላው ትንሽ ነው፤ ሥሩም ጭምር።

ግብጦ ለምን ማንም የማይፈልገው መሬት ላይ ይበቅላል?

ይህንን የጠየቀኝ ጎጃም ያለ አጎቴ ነው። "ሌላው ሰብል አልበቅልም ያለበት መሬት ላይ ግብጦ ጣልበት፤ ይወጣል። ማዳበሪያ አይጠይቅ፣ ምን አይጠይቅ" አለኝ። እውነቱን ነው። አጎቴ የማያውቀው ግን፣ እሱ ለአረቄና ለቆሎ የሚዘራው ግብጦ በዓለም ላይ የፎስፈረስ ረሃብን ለማጥናት ከሚመረጡት ተክሎች ዋነኛው መሆኑን ነው። ነጭ ሉፒን ይሉታል።

ግብጦን ነቅላችሁ ሥሩን ብታጥቡት ቦታ ቦታ ላይ የጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ የመሰለ ነገር ታያላችሁ። አጫጭር ሥሮች እጅግ ተጠጋግተው ተኮልኩለዋል። እነዚህ የሥር ክምችቶች ለጥቂት ቀን ብቻ በኃይል ይሠራሉ። ሲትሬት ይረጫሉ፤ ሎሚን የሚያኮመጥጠው አሲድ ዘመድ ማለት ነው። ሲትሬቱ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር የተጣበቀውን ፎስፈረስ ያስለቅቀዋል። ሥሩም ወዲያው ይወስደዋል። ከዚያ ያ ክምችት ያረጃል፣ ሌላ ቦታ አዲስ ይበቅላል።

ማን ያዝዛል? አሁንም ኦክሲን። ፎስፈረስ ጠግቦ ለሚያድግ ግብጦ ኦክሲን ሲሰጡት ሳያስፈልገው ብሩሹን ያወጣል። በተቃራኒው የተራበ ግብጦ ቅጠሉ ላይ ፎስፈረስ ሲረጩለት ብሩሽ መሥራቱን ይተዋል። ሥሩ ያለው እዚያው ደሃ አፈር ውስጥ ነው፤ ወሬው ግን ከላይ መጣ።

ግብጦ እንዲህ የሚደክመው ረዳት ስለሌለው ነው። አብዛኞቹ የየብስ ተክሎች ሥራቸው ላይ ፎስፈረስ የሚያመጣላቸው ፈንገስ አላቸው። ግብጦ የለውም። የጎመን ዘሮችም የላቸውም። ብቻውን የሚኖር ሰው ወጡን ራሱ ይሠራል።

አቀንጭራ ከዚህ ሁሉ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ከሁሉም ጥያቄዎች ይህ ይበልጥብኛል። አቀንጭራ የሌላ ተክል ሥር ላይ ተጣብቆ የሚኖር አረም ነው።

ማሽላ ፈንገስ ከሚኖራቸው ተክሎች አንዱ ነው። ፎስፈረስ ወይም ናይትሮጅን ሲያጥረው ከሥሩ ስትሪጎላክቶን ይረጫል። ፈንገሱ ይህንን ሲያሸት ክሩን አብዝቶ ወደ ሥሩ ይመጣል። የጃፓን ተመራማሪዎች ይህንን ያረጋገጡት በ2005 ነው። በ2008 ደግሞ ያው ነገር ተክሉ ውስጥም ሆርሞን ሆኖ እንደሚሠራ፣ ቅርንጫፍ እንዳይበዛ እንደሚያደርግ ታወቀ።

ግን ነገሩ መጀመሪያ የተገኘው በሌላ በር ነው። በ1966 ከጥጥ ሥር የወጣ አንድ ኬሚካል የአቀንጭራን ዘር እንደሚያበቅል ታየ። ስሙንም ያገኘው ከአቀንጭራ ሳይንሳዊ ስም፣ ከስትሪጋ ነው። አቀንጭራ ያቺን የማሽላ ጥሪ ይጠልፋል። አንድ ተክል በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዱቄት የመሰለ ዘር ይጥላል። ዘሩ አፈር ውስጥ ከአስር ዓመት በላይ ይጠብቃል። ስትሪጎላክቶን ሲሸተው ብቻ ይበቅላል፣ ከማሽላው ሥር ላይ ይጣበቃል፣ ይመጠምጠዋል። ማሽላው ርዳታ ሲጣራ ሌባ መጣበት።

አቀንጭራ የደከመ መሬት የሚወደው ለዚህ ነው። መሬቱ በደከመ ቁጥር ማሽላው አብዝቶ ይጣራል። ፍግና ማዳበሪያ ሲገባ ጥሪው ይቀንሳል። ገበሬው ይህንን በዓይኑ ሲያየው ኖሯል፤ ኬሚስትሪው ነው የዘገየው።

እዚህ ላይ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኢጀታን ሳላነሳ አላልፍም። ወሎንኮሚ ተወልደው፣ ዓለማያ ተምረው፣ አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የማሽላ ተመራማሪ ሆኑ። ከባልደረቦቻቸው ጋር ሥሩ ዘሩን የማይቀሰቅስ ማሽላ ፈልገው አገኙ። ጎብዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች የዚህ ሥራ ፍሬ ናቸው። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። የዘረመሉ ምስጢር በ2017 ሲገለጥ የነገሩ ብልሃት ታየ። አቀንጭራ የማይቀሰቅሰው ማሽላ አፉን አልዘጋም። የሚረጨው የስትሪጎላክቶን ዓይነት ነው የተለወጠው። ቋንቋ ቀየረ በሉት።

ቱፎርዲ ሆርሞን ነው የሚሉት እውነት ነው?

እውነት ነው። በ1940ዎቹ የተሠራ ሰው ሠራሽ ኦክሲን ነው። ጤፍና ስንዴ ውስጥ ያለውን ሰፋፊ ቅጠል አረም የሚገድለው መርዝ ስለሆነ ሳይሆን ወሬውን ስለሚያበዛበት ነው። ተክሉ በፍጥነት አፍርሶ ሊያስወግደው አይችልም። ግንዱ ይጠማዘዛል፣ እድገቱ ይዛባል፣ ይሞታል። የሣር ዘመድ የሆኑት ጤፍና ስንዴ በአብዛኛው ይቋቋሙታል። ባቄላ ማሳ አጠገብ ንፋስ ባለበት ቀን የረጨ ሰው ግን የጎረቤቱን ዓይን ማየት ያቅተዋል።

ሱቅ የሚሸጠውን "የሥር ሆርሞን" ልግዛ?

ምን ልታደርጉበት ነው? ከቅርንጫፍ ቆርጣችሁ ጽጌረዳ ወይም ወይን ልታባዙ ከሆነ፣ አዎ። በውስጡ ያለው ኦክሲን የተቆረጠው ግንድ ሥር እንዲያወጣ ያግዛል፤ የአበባ እርሻዎችም የችግኝ ጣቢያዎችም ይጠቀሙበታል።

ቢጫ የሆነ በቆሎ ልታድኑበት ከሆነ ብራችሁን ያዙ። አንድ ጊዜ እኔም ተሸውጃለሁ። አንድ ሱቅ ውስጥ "ይህ ከማዳበሪያ ይሻላል" ብሎ አንድ ብልቃጥ ሸጠልኝ። በርበሬዬ ላይ አደረግኩት። በርበሬው በሳምንቱ ተጨማደደ። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር ይኸው ነው፤ ተክሉ የሚያስፈልገውን ኦክሲን ራሱ፣ በቦታውና በልኩ ይሠራል። ያጣው ፎስፈረስ ነው። የተራበን ልጅ "ብላ" እያሉ መጮህ ሆዱን አይሞላም።

ማዳበሪያ ሳበዛ ሥሩ ይሰንፋል?

"ይሰንፋል" የሚለው ቃል ይከብዳል እንጂ ሐሳቡ ትክክል ነው። በቅርብ ካገኘ ላዩን ያሳድጋል፣ ሥሩን አያበዛም። በኋላ ዝናብ ሲቋረጥ ይቸገራል። ይህ ግን ማዳበሪያ አትጨምሩ ማለት አይደለም። የት እንደሚገባ አስቡ ማለት ነው። ፎስፈረስ ስለማይንቀሳቀስ ከዘሩ አጠገብ፣ በመስመር ቢገባ ሥሩ ያገኘዋል። ዩሪያ ስለሚታጠብ ከፋፍሎ መስጠት ይሻላል። አሲዳማ አፈር ላይ ደግሞ ኖራ ካልቀደመ ፎስፈረሱ ብዙው ለአፈሩ ነው የሚሄደው። አሉሚኒየሙም የሥሩን ጫፍ ያደነዝዘዋል፤ ጫፉ ከደነዘዘ ወሬ የሚያቀብል የለም።

ከአንድ ሰብል ውስጥ የተሻለ ሥር ያለው ዝርያ ይኖራል?

ይኖራል፤ ልዩነቱም ትልቅ ነው። አንዳንድ የቦሎቄ ዝርያዎች ፎስፈረስ ሲያጥራቸው ሥሮቻቸውን ወደ ጎን ዘርግተው ላይኛውን አፈር ያስሳሉ፤ ሌሎቹ ቀጥ ብለው ይወርዳሉ። ሩዝ ላይ ደግሞ ካሳላት ከሚባል የቆየ የሕንድ ዝርያ አንድ ዘረመል በ2012 ተለይቷል። ገና ከልጅነቱ ሥሩን ያጠናክራል፤ ብዙ ዘመናዊ ዝርያዎች የላቸውም። በደንብ በተዳበረ መሬት ላይ ሲመረጡ ይህ ነገር አላስፈለጋቸውም፣ ጠፋ። ጎተራ ውስጥ የቀሩ የድሮ ዘሮቻችንን ሳይ ይህ ትዝ ይለኛል።

ቤቴ ልሞክረው እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ገብስ ይሻላል፤ ሥሩ ለማጠብ ቀላል ነው። የወንዝ አሸዋ ደጋግማችሁ እጠቡ። በሁለት ኩባያ አድርጉት፣ ታቹን ብሱት፣ አምስት አምስት ፍሬ ዝሩ። አንዱን በንጹህ ውሃ፣ ሌላውን ኮምፖስት በተዘፈዘፈበት ውሃ አጠጡ። በመጀመሪያው ሳምንት ልዩነት አትጠብቁ፤ ቡቃያው የሚበላው ዘሩ ውስጥ ያለውን ስንቅ ነው። ሦስትና አራት ሳምንት ታገሡ።

ከዚያ ኩባያውን ሳህን ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡት። መንቀል የለም፤ ይበጠሳል። ላዩንና ሥሩን ጎን ለጎን ዘርጉና ከሌላኛው ጋር አስተያዩ። አንዱን ተክል ግን ሳትነክሩት በደረቁ አራግፉት። አሸዋው ሥሩ ላይ እጅጌ መስሎ ተጣብቆ ከቀረ፣ አንቆ የያዘው የሥር ፀጉሩ ነው።